የጭብጨባው ቃለ ጉባኤ

ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ሦስት ነበሩ፤ መሀል ላይ ከጎባ የመጣው ተቆጣጣሪ፣ በቀኙ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ በግራው የኅብረት ሱቃችን ኃላፊ። እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ በርጩማ ላይ ነበርኩ፤ መዝገቡ ጭኔ ላይ። በሩ አጠገብ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። ወንዶቹ በቀኝ ግድግዳ በኩል ተደርድረዋል፤ ጋሪ ነጂዎቹ ከሁሉም ኋላ፣ ውጭ ያሰሯቸውን ፈረሶች በመስኮት ማየት በሚችሉበት ቦታ። ሴቶቹ በግራ። እኔ ፊደል ያስቆጠርኳቸው አሥራ አራቱ ከፊት ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ከእነሱም ጠርዝ ላይ፣ ለእኔ በሚቀርበው በኩል፣ ነጭ ሽንኩርት ሻጯ መበለት። አግዳሚዎቹ ባዶ ነበሩ። ተቀመጡ ቢባሉም የተቀመጠ የለም።

ይህን ያህል የማስታውሰው ቃለ ጉባኤ መያዝ ሥራዬ ስለነበረ ነው። ቃለ ጉባኤ የተገኙትን ሰዎች በመጻፍ ይጀመራል፤ ያልተገኙትም በምክንያትና ያለ ምክንያት ተብለው ለየብቻ ይጻፋሉ። በዚያ ቀን እናቴ በምክንያት የቀረች ነበረች። ደረቷን ይዟት ተኝታለች። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ያመነው ሰው ግን የነበረ አይመስለኝም።

ጎባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ሮቤ የተመለስኩት በደርግ ዘመን ነው። ኮሌጅ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። መጀመሪያ መሠረተ ትምህርት አስተማርኩ፤ ቀጥሎ የቀበሌያችን ጸሐፊ ሆንኩ። ከእናቴ ጋር የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነበር፤ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድቤት። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እኛ ቤት የሚገባው ገንዘብ የእኔ ደሞዝ ብቻ ነበር፤ ከእሱም ላይ በየወሩ ኪራዩ ይወጣል።

ሊቀመንበሩ ልብስ ሰፊ ነበር። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኛል፤ ግን ውርጭ ገብሱን በመታው ዓመት ሲናና ድረስ በእግሩ ሄዶ ከገበሬ ማኅበራት እህል ለምኖ ያመጣልን እሱ ነው። ለቀበሌው ሥራ የሚከፈለው ደሞዝ አልነበረም። ስብሰባ ለስብሰባ ሲሮጥ የስፌት መኪናው አቧራ ለብሶ፣ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ሰፊ ሄደውበት ነበር። «ሕዝብ ሲያገለግል የከሰረ ሰው ማየት ከፈለግሽ እኔን እይ» ይለኝ ነበር ማኅተም እየመታ። በኋላ ሳስበው ያን ንግግር ለእኔ ብሎ አልነበረም የሚናገረው። ሲለማመደው ነበር።

በዚያን ጊዜ በስብሰባችን ላይ ማንኛውም ነገር የሚጸድቀው በጭብጨባ ነበር። ቀድሞ እጅ ይወጣ ነበር፤ ግን እጅ ሲወጣ መቁጠር አለ፣ ሲቆጠርም ያላወጣው ሰው ይታያል። ስለዚህ ቀረ። ጭብጨባ ማን እንደጀመረው፣ ማን እንዳቆመው አይታወቅም። አንዱ ካጨበጨበ ሌላው ይከተላል፤ የተባለውን ያልሰማም ያጨበጭባል። ብዙዎቹ የአማርኛውን ስብሰባ ግማሹን ነበር የሚሰሙት፤ የቀረውን ጎረቤታቸው በኦሮምኛ ሹክ ሲላቸው ሊቀመንበሩ ሌላ አጀንዳ ጀምሯል።

የማበረታቻው ስብሰባ ሰባት አጀንዳ ነበረው። ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀምጠናል፤ ንፋሱ ከሰነቴ ተራራ በኩል ይመጣል፣ አዳራሹም መስታወት የሌላቸው ሁለት መስኮቶች ነበሩት። ሰው ሁሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቷል።

«አጀንዳ ስድስት፤ ለአመራር አባላትና ለቤተሰቦቻቸው ስለሚሰጥ ማበረታቻ» ብሎ ሊቀመንበሩ አነበበ። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገ። ማበረታቻው ሦስት ነገር ነበር። አመራሩና ቤተሰቡ ከቤት ኪራይ ነፃ ይሆናሉ፤ ከማንኛውም መዋጮ ነፃ ይሆናሉ፤ ከኅብረት ሱቁ ትርፍ ላይ በየወሩ አበል ይታሰብላቸዋል። ይህን አንብቦ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ «በዚህ አጋጣሚ፣ ስኳር ትናንት ከጎባ ገብቷል» አለ።

ስኳር ከታየ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ከብብት የወጣው እጅ ሁሉ አጨበጨበ። ጋሪ ነጂዎቹ አፏጩ። አንዲት ሴት እልል አለች።

«በጭብጨባ ጸድቋል» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ጻፊ።»

ጻፍኩ። «የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ በተሰብሳቢው ሕዝብ ከፍተኛ ጭብጨባ ጸድቋል።» ስኳሩን አልጻፍኩትም። ስኳር አጀንዳ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ የቤተሰቦቹን ስም ዝርዝር በንጹሕ ወረቀት እንድገለብጥ ሰጠኝ። የሱ ሚስት አለች። ጎባ የምትኖረው አማቱ አለች። የሚስቱ ወንድም፣ የገዛ ቤቱ ያለው ሰው፣ አለ። የሱቁ ኃላፊ ሁለት እህቶች አሉ። ከሁሉም መጨረሻ የእናቴ ስም ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አንቺ የኛ ሠራተኛ አይደለሽም? እናትሽስ ቤተሰብ አይደለችም?»

«እኔ አልጠየቅሁም።»

«የጠየቀ የለም። ሕዝብ ነው የሰጠው።»

ያን ስም ልተወው እችል ነበር። ገልብጬ ጨረስኩና ማኅተም አስመታሁ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ድንች ትልጥ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ምን አደረግሽላቸው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ለምንም ይሰጣሉ እንዴ?»

«ለሌሎቹም ሰጥተዋል፣ እማዬ።»

«ሌሎቹማ አደረጉ።» ቢላዋውን አነሳች። «እንግዲህ ከሰጡ ተቀበይ። ጥያቄ አታብዢ። ኩራት ድንች አይገዛም።»

ከተማው ያወቀው ግን በኪራይ ሰብሳቢው ነው። በየወሩ መጀመሪያ ደረሰኝ ይዞ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይሄዳል። በረድፋችን ከእኛ በስተግራ ያለውን በር አንኳኳ፤ የእኛን አለፈ፤ በስተቀኝ ያለውን አንኳኳ። በስተቀኝ ያለው የነጭ ሽንኩርት ሻጯ ቤት ነበር፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ከፍላ ደረሰኟን እንደያዘች ወደ እኔ መጣች።

«ልጄ፣ ሰውዬው ዓይኑን ያመዋል እንዴ?»

«ምነው?»

«የእናትሽ በር አልታየውም።»

ሌላ ቀን ይመጣ ይሆናል አልኳት። ደረሰኟን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው፤ «እሺ፣ ይመጣ ይሆናል» ብላ ገባች። በቀጣዩ ወርም አለፈን። በዚያ ወር ሌላም ሌላም በር ታለፈ፤ የታለፈው በር ሁሉ የማን ዘመድ እንደሆነ ሰው ቆጠረ።

ቦኖ ላይ ሴቶቹ እንስራና ጄሪካናቸውን ደርድረው ሲጠብቁ ወሬው ሌላ አልነበረም። እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ፤ ዝም ከማለታቸው በፊት ያለውን ግን እሰማለሁ።

«የሊቀመንበሩ ፈረስም ከመዋጮ ነፃ ነው አሉ።»

«ፈረሱማ ቤተሰብ ነው። ከሚስቱ ወንድም ይልቅ እሱ ይሠራል።»

«ጎባ ያለችው አማቱስ መቼ ነው የኛ ቀበሌ ነዋሪ የሆነችው?»

«በጭብጨባ።»

«ማነው ያጨበጨበላት?»

«አንቺ ነሻ። አጠገቤ ተቀምጠሽ።»

«እኔ? እኔ ለስኳር ነው።»

«እኔም ለስኳር ነው።»

«ጸሐፊዋን ጠይቋት» አለች አንዷ፣ እኔን ሳታይ። «እሷ ጆሮዋ ለይቶ ይሰማል።»

ቀድሞ ባርሲስቱ ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። አሁን ጓድ ጸሐፊ አሉኝ። ለፋሲካ እናቴ ዶሮ ገዛች። በየዓመቱ እንደምንም ትገዛለች፤ በዚያ ዓመት ግን ዶሮዋ የኪራይ ዶሮ ተባለች። እናቴ ያን ሰምታ በበዓሉ ቀን ማድቤቱን ዘግታ ሠራች፤ የተዘጋውም በር ሌላ ወሬ ሆነ።

ከኪራዩ ይልቅ ሰውን ያቃጠለው መዋጮው ነበር። ወደ ሰሜን ለዘመተው ሠራዊት በየቤቱ ይዋጣል። ነጭ ሽንኩርት ሻጯ አንድ ልጇ ዘምቶባታል። ከሄደ ጀምሮ ደብዳቤ የመጣላት አንድ ጊዜ ነው።

«ለገዛ ልጄ ካልሲ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ» ትል ነበር ገበያ ላይ፣ ሽንኩርቱን በጋዜጣ እየጠቀለለች፣ ማን ይሰማኛል ሳትል። «አንዴ ሲሄድ ገዛሁለት፤ አንዴ በመዋጮ። የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም ግን ሁለቱም እግሩ እዚህ ነው፣ ካልሲም አይከፍልም።»

እኔም በሰው ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ገባኝ። የሱቁን ሚዛን ተጠራጠርኩ። የሱቁ ኃላፊ ሰላም ሲለኝ ለምን አለኝ እላለሁ። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ካርቶን ውስጥ ሁለት ሳሙና አድርጎ «ለእናትሽ» ብሎ ሰጠኝ። መለስኩለት። ሲስቅ አየሁና፣ የመለስኩትን ሳሙና ማስታወሻ ይይዝ ይሆን ወይስ የተቀበልኩትን ኪራይ ብዬ አሰብኩ።

አሁን ስለ እጅ ጽሑፍ መናገር አለብኝ።

መሠረተ ትምህርት ያስተማርኩት በአሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሰሌዳችን በባትሪ ድንጋይ ጥቁረት የተቀባ ሳንቃ ነበር። ደብተርና እርሳስ ቢመጣም አዋቂ ሴት እርሳስ ማስያዝ ቀላል አልነበረም፤ እጃቸው የለመደው ዶማና ሙቀጫ ነው። ስለዚህ ራሴ ያወጣሁት ዘዴ ነበረኝ። ማታ ማታ በየደብተራቸው ላይ ፊደሉን በስሱ እጽፍላቸዋለሁ፤ በማግስቱ በላዩ እርሳሳቸውን ያስኬዳሉ። አንድ ዓመት እንዲህ ተማሩ። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ፊደሎቼ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። የእነሱም አዘነበለ። መጨረሻ ላይ አሥራ አራቱ ሴቶች ሲጽፉ ጽሑፉ የእኔ ነበር። ፈተናውን ሊያርም የመጣው ሰው አንዷ ለሁሉም ሠርታ መስሎት ሊጥላቸው ነበር፤ ፊቱ አስቀምጦ እያንዳንዷን ካስጻፈ በኋላ አለፉ።

ቀበሌያችን መሃይም የለበትም ተብሎ ጎባ ሪፖርት ሆነ። መስታወት የተገጠመለት የምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ ሊቀመንበሩ አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጥበት በላይ ሰቀለው።

ማበረታቻው በጸደቀ በአራተኛው ወር ሊቀመንበሩ ቢሮው ጠራኝና በሩን እንድዘጋ ነገረኝ። ጠረጴዛው ላይ ከደብተር የተገነጠለ አንድ ሉክ ወረቀት ነበር። ስም የሌለው ማመልከቻ ነው፤ ወደ ጎባ የተላከ። ጎባ ያሉት ደግሞ ለሊቀመንበሩ ልከውለታል፤ ተቆጣጣሪ ነገ ይመጣል ከሚል ማስታወሻ ጋር። የተከሰሰው ሰው ክሱን አስቀድሞ እንዲያነብ ለምን እንደተፈለገ ዛሬም አልገባኝም። ወይም ገብቶኛል።

ጽሑፉን ሳየው የራሴ እጅ ነበር። ለአንድ አፍታ መቼ ጻፍኩት ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ቀጥሎ ወረቀቱ እዚህም እዚያም በእርሳስ ጫፍ የተበሳ መሆኑን አየሁ። ከተማሪዎቼ መሀል እንደዚያ ተጭና የምትጽፍ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። «ቀስ በይ፣ ወረቀቱ ተቀደደ» ስላት፣ «ቀስ ካልኩ ማን ያየዋል» ትለኝ ነበር። ስሟን ሳላነብ አነበብኩት።

«እጅሽ ነው» አለኝ።

«አይደለም።»

«እኔ ሰፊ ነኝ። ስፌት አይቼ ማን እንደሰፋው አውቃለሁ።»

«እኔ አልጻፍኩትም።»

«አንቺ ካልሆንሽ ካስተማርሻቸው አንዷ ናት። የትኛዋ እንደሆነች ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «ነገ ተቆጣጣሪው ፊት ስሟን ትናገሪያለሽ። ካልተናገርሽ አንቺ ነሽ። ሥራው ይቀራል፤ ቤቱም የሥራው ነው። እናትሽን ይዘሽ በዚህ ብርድ የት እንደምትሄጂ አስቢበት።»

ሲመሻሽ ቤት ገብቼ ለእናቴ ያለውን ነገርኳት። አልጋዋ ላይ ሆና ሰማችኝ።

«ስሟን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«አላውቀውም» አልኳት።

ግድግዳው ስስ ነበር። ከወዲያ በኩል ድምፅ አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት ግን ነጭ ሽንኩርት ሻጯ እሳት የምትጭርበት፣ ድስት የምታንኳኳበት ጊዜ ነው። እናቴም ግድግዳውን አየች።

ተቆጣጣሪው በማግስቱ ረፋዱ ላይ በመንግሥት ላንድሮቨር መጣ። ሰው ሁሉ የት ምሳ እንደሚበላ ይጠብቅ ነበር። ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ገባ። አዳራሹ በር ላይ ሴቶቹ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«በላ?»

«በላ።»

«ከበላማ አለቀ።»

አንዱ ጋሪ ነጂ ከመኪናው መቀመጫ ሥር የማር ቆርቆሮ ሲገባ አይቻለሁ አለ። ሌላው የነዳጅ ነው አለው። እኔ አላየሁም። ሰውየው አጭር፣ መነጽር ያደረገ፣ አፉን በመሐረብ ደጋግሞ የሚጠርግ ነበር፤ ከፊቱ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ገብተን መጀመሪያ በጻፍኩት ሁኔታ ቦታ ቦታችንን ያዝን። ተቆጣጣሪው ማመልከቻውን ከሊቀመንበሩ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። አጭር ነበር። ከኪራይ ነፃ የሆኑትን በሮች አንድ በአንድ ይጠቅሳል፤ የእናቴ በር አራተኛ ነበር። ልጆቻቸው የዘመቱባቸው ሰዎች መዋጮ ሲከፍሉ ያልዘመተበት ነፃ መሆኑን ይናገራል። መጨረሻው ላይ «ይህን የፈቀድን የለንም» ይላል።

«ይህን የጻፈ ይውጣ። የሚደርስበት ነገር የለም» አለ።

የወጣ የለም። የሚደርስበት የለም ሲባል ያመነም የለም።

«ጓድ፣ እጁን እኛ እናውቀዋለን» አለ ሊቀመንበሩ፣ እኔን እያየ።

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። «ያንቺ ነው?»

«አይደለም።»

መዝገቡን ወስዶ ከወረቀቱ ጋር አስተያየው። «ይመሳሰላል።»

«ይመሳሰላል።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ሊቀመንበሩ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ ጠበቀኝ። ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ከእኔ ሁለት ክንድ አትርቅም ነበር፤ የነጭ ሽንኩርቷ ሽታ ይመጣኝ ነበር። ቀና ብዬ አላየኋትም። ባያት አይኔን ተከትለው ያዩዋታል።

«አላውቅም» አልኩ።

«ፊደል ያስቆጠረቻቸው እነዚያ ናቸው» አለ ሊቀመንበሩ። «ሁሉም የሷን እጅ ነው የሚጽፉት። አንድ በአንድ ይጻፉና ይታይ።»

ተቆጣጣሪው ባዶ ወረቀት ዘረጋ። ስምና «ተገኝቻለሁ» የሚል ቃል እንዲጽፉ ነገራቸው። መጀመሪያ የቀረበችው ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው ነበረች። እስክሪብቶውን አየችው። አልነካችውም።

«በጣቴ ነው የምፈርመው» አለች።

«መጻፍ አታውቂም?»

«እኔ? ከየት አምጥቼ።»

የማኅተሙ ቀለም ቀረበላትና አውራ ጣቷን አሳረፈች። ሁለተኛዋ መጣች። እሷም በጣቴ አለች። ሦስተኛዋ «ሂን ቤኩ» አለች፤ አላውቅም ማለቷ ነው፤ ባለፈው ዓመት ለወንድሟ ደብዳቤ ጽፋ የፖስታውን አድራሻ እንዳርምላት ያመጣችው ለእኔ ነበር። አራተኛዋ ሳትጠየቅ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ሊቀመንበሩ ተነስቶ ቆመ።

«ጓድ፣ ውሸት ነው። እነዚህ ፈተና ያለፉ ናቸው።» ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ተራዋ ደርሶ ነበር፤ ወደ እሷ ጠቆመ። «ይቺን በዓይኔ ጋዜጣ ይዛ አይቻታለሁ። ገበያ መሀል።»

«ሽንኩርት ስጠቀልልበት አይተውኝ ይሆናል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች።

ከኋላ ጋሪ ነጂዎቹ ሳቁ። አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተጭና አሳረፈችና ተመለሰች።

ተቆጣጣሪው ሁሉም እስኪጨርሱ ጠበቀ። አሥራ አራት ጣት ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ ከሊቀመንበሩ ራስ በላይ ያለውን መስታወት አየ፤ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበው።

«በዚህ ቀበሌ መሃይም የለም ይላል።»

«የለም፣ ጓድ። ሁሉም ይጽፋሉ።»

«ሁሉም የሚጽፉ ከሆነ ማናቸውም ጽፈውት ሊሆን ይችላል።»

«እነዚህ አይደሉም፤ ጸሐፊዋ ናት ጓድ፣ እነዚህ እኮ...»

«እነዚህ የማይጽፉ ከሆነ ይሄ የምስክር ወረቀት ሐሰት ነው። የቱን ሪፖርት ላድርግ?»

ሊቀመንበሩ ተቀመጠ።

«ተምረንስ ነበር፣ ጌታዬ» አለች በዕድሜ የምትበልጠው። «የሮቤ ብርድ አስረሳን።»

አሁን ሴቶቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ያደረጉት እሷን ለመሸሸግ ይሁን፣ በአዳራሹ ውስጥ መጻፍ የምችል እኔ ብቻ ሆኜ እንድቀር ይሁን፣ ይህን ያህል ዓመት አስቤበት አላወቅሁም። ለአንዳንዶቹ አንደኛው፣ ለአንዳንዶቹ ሁለተኛው ነበር እላለሁ። ከመሀላቸው ወደ እኔ ያየች አልነበረችም።

ተቆጣጣሪው ማመልከቻውን አጥፎ ኪሱ ከተተና መዝገቡን ገለጠ። የማበረታቻውን ቀን ቃለ ጉባኤ አገኘው።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«በተሰብሳቢው ሕዝብ ከፍተኛ ጭብጨባ ጸድቋል ይላል። አጨብጭበዋል?»

«ሰው ሁሉ ያውቃል» አለ ሊቀመንበሩ።

«እሷን ነው የጠየቅሁት።»

«አጨብጭበዋል» አልኩ።

ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ መጣ፤ ቃል አልነበረም። ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ አለ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ሥራዬም ቤታችንም ይተርፉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ማመልከቻው እንደሁ ባለቤት አጥቷል።

«ያጨበጨቡት ለስኳሩ ነው» አልኩ።

«የምን ስኳር?»

«ማበረታቻው እንደተነበበ ወዲያው ስኳር ገብቷል ተባለ። ለእሱ ነው ያጨበጨቡት። ከዚያ ጸድቋል ተባለ።»

«ስኳሩ እዚህ አልተጻፈም።»

«አልጻፍኩትም። አጀንዳ አልነበረም።»

«ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው?»

እሱም ሌላ ምክንያት እንዳለ የጠረጠረ ይመስላል። የተጠራጠረው እኔን ይሁን ሊቀመንበሩን አላውቅም፤ ዓይኖቹ ከመነጽሩ ኋላ ሆነው ያዩኛል።

«አይደለም» አልኩ። «የዚያን ቀን ፈርቼ ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከኪራይ ነፃ ከሆኑት አንዷ እናቴ ሆነች። ስሟን በእጄ ገለበጥኩት። ከዚያ ወዲህ ላርመው እችል ነበር፤ አላረምኩትም።»

ሊቀመንበሩ ድምፁን አገኘ።

«ሰማችሁ? በገዛ አፏ። በሐሰት የጻፈች ሰው ዛሬ የምትናገረውስ እውነት ነው ያለው ማነው? የዘረፈችው እሷ፣ የከሰሰችውም እሷ።»

«ትዝረፍማ፣ አራት ወር ኪራይ» አለ ከኋላ አንድ ጋሪ ነጂ። «አማትህን ከጎባ ተሸክማ ስታመጣ ግን አላየናትም።»

«ዝምታ» አለ ተቆጣጣሪው። መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ጻፈ፤ ከተቀመጥኩበት ማንበብ አልቻልኩም። «ጉዳዩ ይጣራል። እስኪጣራ ድረስ ማበረታቻው ይቆማል። ጸሐፊዋም ከሥራ ትቆማለች።»

«ቤቱስ?» አለ ሊቀመንበሩ። «የምትኖርበት ቤት የቀበሌ ነው።»

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አውልቆ በመሐረቡ ጠረገ። ከዚያም መዝገቡን ዘጋ።

በርጩማውን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቼ ተነሳሁ። በእኔና በበሩ መሀል ሴቶቹ ነበሩ። ከፊት ያሉት አንድ እርምጃ ያህል ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ነጭ ሽንኩርት ሻጯ አጎንብሳ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር፤ ቀለሙ እንቢ ብሏታል። አጠገቧ ስደርስ መጥረጓን አቆመች። ጥበቃው ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዙሮ በሩን ለቀቀልኝ፤ ወጣሁ።